ከምጣድ እስከ ንፋስ ተርባይን፦ ስንጥቅን በጆሮ የመፈለግ ታሪክ

ዛሬ ይዤ የመጣሁት ረዘም ያለ ነው። ቡናችሁን አስቀድሙና አንብቡት።

ነገሩ የተጀመረው በቅርቡ ወደ አዳማ ስንወርድ ነው። መኪናውን የሚነዳው የድሮ ተማሪዬ ነበር። ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፤ እኔ ግን ለእሱ አሁንም «ቲቸር» ነኝ። ከተማው ልንደርስ ስንል ኮረብታው ላይ የተሰለፉት የንፋስ ተርባይኖች ታዩን። «ቲቸር፣ የነዚህ ክንፍ ውስጡ ቢሰነጠቅ በምን ይታወቃል? ማን እዚያ ላይ ወጥቶ ያያል?» አለኝ።

«በጆሮ ነው የሚታወቀው» አልኩት።

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል። ቁም ነገሬን ለማስረዳት መንገዱ አልበቃንም፤ «እጽፈዋለሁ» ብዬው ተለያየን። ይኸው ቃሌን ጠበቅሁ። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከኛው ጋር እንዳይምታታባችሁ።)

ምጣድና በርሜል

እናቴ ገበያ ወጥታ ምጣድ ስትገዛ ተሸካሚው እኔ ነበርኩ። ምጣዱን በአንድ እጇ ከፍ ታደርግና በሌላው እጇ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ትንሽ ከዘለቀ ዋጋ ትጠይቃለች። ድፍን ብሎ ቶሎ ከሞተባት ግን ሻጯ የፈለገችውን ብትምል መልሳ ታስቀምጠዋለች። የምጣዱ ፊት የተለሰለሰ ነው፤ ስንጥቅ ቢኖር እንኳን በዓይን አይታይም። እናቴ ፊዚክስ አልተማረችም። ምጣዱ እቤት መጥቶ እሳት ላይ ሲወጣ ሊፈነዳ እንደሚችል ግን ታውቃለች።

የምታደርገው ነገር ፊዚክሱ ይሄ ነው። አንድን ጠጣር ነገር ስትመቱት መላ አካሉ ይርገበገባል። ሙሉ ከሆነ ርግብግቢቱ ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ ድምፁም ይዘልቃል። ስንጥቅ ካለበት የስንጥቁ ሁለት ገጾች እርስ በርስ እየተፋተጉ ጉልበቱን ይበሉታል፤ አካሉም ግትርነቱ ስለሚቀንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ቶሎም ይጠፋል። አለቀ። ክፍል ውስጥ በሁለት ክፍለ ጊዜ ያስተማርኳችሁ ነገር ይኸው ነው።

በአውሮፓም ነገሩን የጀመረው ምጣድ አይሁን እንጂ የጓዳ ዕቃ ነው። ሊዮፖልድ አውንብሩገር የሚባል ሐኪም በ1722 ግራዝ በምትባል የኦስትሪያ ከተማ ተወለደ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነበረው። የወይን ጠጅ በርሜል ምን ያህል እንደጎደለ ለማወቅ አባትየው በርሜሉን ያንኳኳ ነበር፤ ባዶው ክፍል ይጮኻል፣ ወይን ያለበት ይደፈናል። ልጁ አድጎ ቪየና ውስጥ ሐኪም ሲሆን ያንኑ ዘዴ ወደ ሰው ደረት አመጣው ይባላል። ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ሰው ደረቱ ሲመታ ድምፁ እንደ ሙሉ በርሜል ድፍን ይላል። ይህንን በ1761 በላቲን በጻፋት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ።

ማን ሰማው? ከሞላ ጎደል ማንም። የናፖሊዮን ሐኪም የነበረው ኮርቪዛር መጽሐፏን ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞ ያወጣት በ1808 ነው። ከ47 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አውንብሩገር በዓመቱ ሞተ።

ከዚያ በ1816 ሌላው ፈረንሳዊ ሐኪም ላኔክ ወረቀት ጠቅልሎ ቱቦ ሠራና አንዱን ጫፍ ከበሽተኛዋ ደረት፣ አንዱን ከጆሮው አደረገ። የዛሬው የሐኪም ማዳመጫ አያቱ ያ ወረቀት ነው።

እነዚህን ሁለት ሐኪሞች ያዙልኝ። አንዱ መትቶ መልሱን ይሰማል። ሌላው ሳይመታ፣ ደረቱ ራሱ የሚያወጣውን ድምፅ ያዳምጣል። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ታሪክ በሙሉ፣ እስከ ተርባይኑ ክንፍ ድረስ፣ ከነዚህ ከሁለቱ አይወጣም። መምታትና ማዳመጥ።

መዶሻ የያዘው የባቡር ሠራተኛ

ሜይ 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ የሚመለስ ባቡር የሎኮሞቲቩ ዘንግ ድንገት ተሰበረ። ፉርጎዎቹ ተደራርበው በእሳት ተያያዙ። የፉርጎዎቹ በር ከውጭ ተቆልፎ ስለነበር ሰው መውጣት አልቻለም። ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ደቡብ ዋልታን ያሰሰው ታዋቂው መርከበኛ ዱሞን ዲዩርቪል ከነባለቤቱና ከነልጁ እዚያው አለቀ።

መሐንዲሶቹን ያስጨነቃቸው ጥያቄ ይሄ ነበር፦ ትናንት የተሸከመውን ያንኑ ክብደት ዛሬም ተሸክሞ የሚሄድ ብረት ዛሬ ለምን ይሰበራል? ስኮትላንዳዊው ራንኪን በቀጣዩ ዓመት የተሰበሩ ዘንጎችን መርምሮ ስንጥቁ ድንገት እንዳልመጣ፣ ከዳር ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እንደበላ አሳየ። ዛሬ «የብረት ድካም» የምንለው ይሄ ነው። ብረቱን የሚገድለው አንድ ትልቅ ሸክም ሳይሆን ሺህ ጊዜ፣ ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ትንሽ ሸክም ነው። ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚበጠሰው ማለት ነው።

ታዲያ በባቡር ጣቢያዎች አንድ ሙያ ነበረ። ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ የያዘ ሠራተኛ ባቡሩ በቆመ ቁጥር ከጎማ ጎማ እየሄደ ያንኳኳል። ጥርት ካለ ይለፍ። ድፍን ካለ ፉርጎው ይፈታና ይቀራል። አንዳንድ አገር ይሄ ሥራ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰውየው የድምፅ መለኪያ የለውም። ያለው አንድ ነገር ነው፦ የጤነኛ ጎማ ድምፅ በጆሮው አለ። በቀን መቶ ጊዜ ይሰማዋል። ታማሚው የሚታወቀው ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። ሌላም ነገር አለው፤ «ይሄ አይሄድም» ሲል ባቡሩ ይቆማል።

እየታወቀ የተሰበረው ክንፍ

አሁን ወደ ንፋስ እንምጣ። ፓልመር ፑትናም የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ኤስ. ሞርጋን ስሚዝ ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆኖ ቨርሞንት ውስጥ ግራንድፓስ ኖብ በሚባል ተራራ ላይ ያን ጊዜ በዓለም ያልታየ ትልቅ ተርባይን አቆመ። አቅሙ 1.25 ሜጋዋት፣ የሁለቱ ክንፎች ክብ ስፋት 53 ሜትር፣ እያንዳንዱ የብረት ክንፍ ክብደቱ ወደ 8 ቶን ነበር። ኦክቶበር 1941 ላይ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ለሕዝቡ መስመር መስጠት ጀመረ። በሜጋዋት ደረጃ እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው ተርባይን እሱ ነው።

በ1943 ዋናው ኩሽኔታ ተበላሸ። ዘመኑ የጦርነት ነው፤ መለዋወጫ የለም። ሁለት ዓመት ቆሞ በ1945 እንደገና ተነሳ። ችግሩ ግን ሌላ ነበር። ክንፉ ከግንዱ አካባቢ ደካማ መሆኑን መሐንዲሶቹ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ለማጠናከር ግን ጦርነቱ ብረቱንም ዕድሉንም አልሰጣቸውም። ይሥራ ተባለ። ማርች 26 ቀን 1945፣ ገና ሳይነጋ፣ አንደኛው ክንፍ ከዚያው ከተፈራበት ቦታ ተገንጥሎ ከ200 ሜትር በላይ ተወረወረ። ተርባይኑ በዕድሜው የሠራው በጠቅላላው 1,100 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ኩባንያው ወጪውን አስልቶ ሥራውን ተወው። ያን የሚያክል ተርባይን እንደገና ለማየት ዓለም ከ30 ዓመት በላይ ጠበቀች።

የሚገርመው፣ በዚያው አሜሪካ፣ በዚያው ዘመን፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍሎይድ ፋየርስቶን የሚባል ሰው ሰው የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ብረት ውስጥ ልኮ ከስንጥቁ ነጥሮ የሚመለሰውን የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። አልትራሳውንድ ማለት ነው። (ከእሱም በፊት በ1928 ሶኮሎቭ የሚባል የሶቪየት ሳይንቲስት ድምፅን ለዚህ ሥራ ማዋል እንደሚቻል ሐሳብ አቅርቧል።) ዛሬ እናቶች ጽንሳቸውን የሚያዩበት መሣሪያና ይሄ ወንድማማች ናቸው። ሥራው ያው የእናቴ ጣት ነው፦ ምታና መልሱን ስማ።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ግራንድፓስ ኖብ ላይ የጎደለው መሣሪያ አልነበረም። ድካሙ ያለው የት እንደሆነ ይታወቅ ነበር። የጎደለው «ይቁም» የሚለው ቃል ነው።

ብረት የሚያወራው

በ1950 ጀርመን ሙኒክ ውስጥ ዮሴፍ ካይዘር የሚባል ተመራማሪ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ዚንክን፣ ብረትን፣ አሉሚኒየምን፣ መዳብን፣ እርሳስን እየሳበ ስስ በሆነ መሣሪያ አዳመጣቸው። ሁሉም ያወራሉ። ብረት ሲጨነቅ፣ ገና ምንም ሳይታይበት፣ ውስጡ ጥቃቅን ድምፆች ያሰማል።

የካይዘር ትልቁ ግኝት ግን ዝምታው ነው። አንድን ብረት እስከ 100 ኪሎ ጫኑበትና አውርዱለት። እንደገና ጫኑበት። እስከ 100 ኪሎ ድረስ ዝም ይላል። ከ100 ሲያልፍ ማውራት ይጀምራል። ከዚህ በፊት የደረሰበትን መከራ ያስታውሳል ማለት ነው፤ ለለመደው ሸክም አይጮኽም፣ አዲስ ሲመጣበት ነው የሚጮኸው። «የካይዘር ውጤት» ይባላል። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ስኮፊልድ የተባለ ተመራማሪ ሥራውን ቀጠለበት፤ ሙያውም «አኩስቲክ ኢሚሽን» የሚል ስም ወጣለት። ቁሱ ራሱ የሚያወጣውን ድምፅ ማዳመጥ ማለት ነው። መዶሻ የለም። የላኔክ ወረቀት ነው።

የመምህራን ተርባይን

ለመምህራን ወዳጆቼ ይቺን ክፍል በተለይ አንብቡልኝ። የዴንማርክ የንፋስ ኃይል የተወለደው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ፖል ላ ኩር የሚባል መምህር በ1891 አስኮቭ በሚባል የገጠር ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የንፋስ ወፍጮ አቆመ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዮሐነስ ዩል ነበር። ይሄ ተማሪ አርጅቶ በ1957 ጌድሰር ላይ የ200 ኪሎዋት ተርባይን ሠራ። ሦስት ክንፍ ያለው፣ 24 ሜትር ስፋት ያለው፣ እስከ 1967 የሠራ። ዛሬ የምናየው የሦስት ክንፍ ቅርጽ የዘር ሐረጉ ከሱ ይመዘዛል።

ከዚያ በ1975 እና 1978 መካከል እዚያው ዴንማርክ ትቪንድ የሚባሉ ትምህርት ቤቶች መምህራንና ተማሪዎች ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው 54 ሜትር ስፋት ያለው ተርባይን በእጃቸው ገነቡ። ክንፎቹንም ከፋይበርግላስ ራሳቸው ሠሩ።

ፋይበርግላሱ ነው ለኛ ታሪክ ቁልፉ። የዘመኑ ክንፍ የብረት አይደለም። የመስታወት ክር በሙጫ ተነክሮ ይነጠፋል፤ ሁለት ቅርፊት ይሠራል፤ በመካከሉ እንደ ወጋግራ የሚሸከም ነገር ይገባል፤ ከዚያ ሁለቱ ቅርፊቶች በሙጫ ተጣብቀው ይዘጋሉ። ከውጭ ስታዩት እንደ እንቁላል ልስልስ ነው። ውስጡ ግን ክር ሊበጠስ ይችላል፣ ንጣፎቹ ሊላቀቁ ይችላሉ፣ ሙጫው ሊከፈት ይችላል። ልክ እንደ ምጣዱ ነው፤ ፊቱ አያሳብቅም።

ሸክሙን ደግሞ አስሉት። አንድ ክንፍ በደቂቃ 15 ጊዜ ቢዞር በዓመት 7,884,000 ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር የራሱ ክብደት አንዴ በአንድ በኩል፣ አንዴ በሌላው በኩል ያጥፈዋል። በየቀኑ አይነፍስም ብለን ግማሹን ብንቀንስ እንኳን በ20 ዓመት ወደ 79 ሚሊዮን ይደርሳል። የቬርሳይ ባቡር ዘንግ ይህንን ያህል አላየም።

የካይዘር የዝምታ ሕግም እዚህ ይሰበራል። የተጎዳ ፋይበርግላስ እንደ ብረት ታጋሽ አይደለም። ትናንት 100 የተሸከመ ከሆነ ዛሬ 80 ላይ ሲደርስ ማጉረምረም ይጀምራል። ይሄ «የፌሊሲቲ ውጤት» ይባላል። መሐንዲሶች በ1970ዎቹ መጨረሻ የኬሚካል ፋብሪካ የፋይበርግላስ ጋኖችን ሲፈትሹ ጠቃሚነቱን አዩ። 80ን ለ100 አካፍሉ፦ 0.8። ቁጥሩ ከ1 እየራቀ ወደ ታች በሄደ መጠን ጉዳቱ እየከፋ ነው። ቀድሞ የሚያለቅስ የታመመ ነው ማለት ነው።

በ1990ዎቹ የአሜሪካው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ይህንን ወደ ተርባይን ክንፍ አመጡት። ክንፉን አስረው፣ ላዩ ላይ የድምፅ ሴንሰሮች ለጥፈው፣ ደጋግመው እያጎበጡ አዳመጡት። ድምፁ ለየትኛው ሴንሰር ቀድሞ፣ ለየትኛው ዘግይቶ እንደደረሰ ሲሰላ የጩኸቱ ቦታ ይገኛል። መብረቅ አይታችሁ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ እየቆጠራችሁ ርቀቱን እንደምትገምቱት ነው፤ እዚህ ግን የሚቆጠረው በሰከንድ ሳይሆን በሰከንድ ሽርፍራፊ ነው።

ማማው ሥር ያለው ጆሮ

ላቦራቶሪ ውስጥ ጥሩ ነው። ውጭ ሲወጣ ግን ችግር አለ። ዝናቡ ይጮኻል፣ ንፋሱ ይጮኻል፣ ብሎኑም ኩሽኔታውም ይጮኻል። ፋይበርግላስ ደግሞ ቀጭን ድምፅን ቶሎ ይውጠዋል፤ ስንጥቁ ትንሽ ራቅ ካለ ሴንሰሩ አይሰማውም። ስለዚህ ክንፉን በሙሉ ለማዳመጥ ብዙ ሴንሰር ያስፈልጋል። የአንድ አገር ተርባይን ሁሉ እንዲህ ይልበስ ቢባል አቅም አይበቃም።

ሌላው መንገድ ወደ ታች መውረድ ነው። ማይክሮፎን ማማው ሥር ታስቀምጣለህ። ክንፉ ባለፈ ቁጥር ሹ… ሹ… ሹ… ይላል። መብረቅ ጫፉን ከፈነቀለው፣ ወይም ዝናብና አቧራ የፊት ጠርዙን ከበላው፣ አየሩ እዚያ ቦታ ላይ ያፏጫል። የትልልቆቹ ክንፍ ጫፍ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚከንፍ ትንሿ ቀዳዳ ትልቅ ፉጨት ታወጣለች።

እዚህ ላይ የሦስት ክንፍ በረከት ይመጣል። ሦስቱ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። ያው ንፋስ፣ ያው ዝናብ፣ ያው ሰዓት። ሹ፣ ሹ፣ ሹ ካሉ ደህና ነው። ሹ፣ ሹ፣ ፊው ካሉ ሦስተኛው ታሟል። የጤነኛውን ድምፅ ሌላ ቦታ መፈለግ የለባችሁም፤ ሁለቱ ወንድሞቹ ይመሰክሩበታል።

ነገር ግን ሁሉም ስንጥቅ አያፏጭም። ውስጥ የተላቀቀ ሙጫ ከውጭ አየር አያገኘውም። ለዚህም ብልሃት የሚሞክሩ አሉ። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሎዌል ያሉ ተመራማሪዎች ባዶው የክንፍ ሆድ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አስገብተው፣ ድምፅ እየለቀቁ፣ ወደ ውጭ የሚያፈሰውን በማይክሮፎን ማደን ጀመሩ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሩን ዘግታችሁ ቀን ላይ ስትቀመጡ የምስማር ቀዳዳዋ በፀሐይ ብርሃን እንደምትታወቀው፣ እዚህም ስንጥቁ በሚያመልጠው ድምፅ ይታወቃል።

በመዝገብ የነበረው ድምፅ

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የእድገት ይመስላል። ከምጣድ ተነስተን ድምፅ ማጉያ ደረስን። አሁን ግን ወደ ጁላይ 13 ቀን 2024 ልውሰዳችሁ።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ናንተኬት ደሴት አቅራቢያ ባሕር ላይ፣ ቪንያርድ ዊንድ በተባለው ፕሮጀክት ውስጥ አንድ 107 ሜትር ርዝመት ያለው ክንፍ ተሰበረ። 107 ሜትር ከእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል። የፋይበርግላስና የፎም ስብርባሪ በሞገድ እየተገፋ ደሴቱ ዳርቻ ላይ ተከመረ። ወቅቱ የበጋ የመዝናኛ ወቅት ነበርና የባሕር ዳርቻዎቹ ለዋና ተዘጉ። አምራቹ ጂኢ ቬርኖቫ በዓመቱ ከናንተኬት ከተማ ጋር በ10.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተስማማ።

ምክንያቱ ምን ነበር? ኩባንያው ራሱ እንደተናገረው ካናዳ ኬቤክ ውስጥ ጋስፔ በሚገኘው ፋብሪካው ሲመረት ሙጫው በበቂ ሁኔታ አልያዘም። የጥራት ቁጥጥሩም ይህንን ማየት ነበረበት፤ አላየም። ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? ያ ፋብሪካ የሠራቸውን ወደ 150 የሚጠጉ ክንፎች የአልትራሳውንድ ምስል እንደገና መመርመር ተጀመረ። አንዳንዶቹ ክንፎች ወረዱ።

«እንደገና» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ክንፎቹ ከፋብሪካ ሳይወጡ ተደምጠው ነበር። ድምፅ ተልኮባቸዋል፣ መልሱ ተቀድቷል፣ ምስሉ በመዝገብ ተቀምጧል። እናቴ ብትሆን ምጣዱን አንኳኩታ፣ ድምፁን በካሴት ቀድታ፣ ሳትሰማው ገዝታ እቤት ገባች እንደማለት ነው። የፋየርስቶን ልጅ ልጅ የሆነ መሣሪያ ነበረ፤ የባቡር ጣቢያው ባለመዶሻ ግን አልነበረም።

ለዚህ ነው የአውንብሩገር 47 ዓመት፣ የግራንድፓስ ኖብ የታወቀ ድካምና የጋስፔ መዝገብ ለኔ አንድ ታሪክ የሚሆኑብኝ። በሦስቱም ቦታ ድምፁ ነበረ። አማርኛችን ይህንን ድሮ ጨርሶታል። «ሰማ» ስንል ጆሮው ደረሰው ማለታችን ነው፤ «ምክር ሰማ» ስንል ደግሞ ተቀበለ፣ እንደተባለው አደረገ ማለታችን ነው። አንድ ቃል ነው። ሁለተኛው መስማት ከሌለ የመጀመሪያው ለክንፉ አንዲት ቀን ዕድሜ አይጨምርለትም።

ወደኛ ስንመለስ

አዳማ አንድ 34 ተርባይን፣ 51 ሜጋዋት ነው፤ በ2012 ሥራ ጀመረ። አዳማ ሁለት 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋዋት፤ በ2015። ትግራይ ውስጥ አሸጎዳ 84 ተርባይን፣ 120 ሜጋዋት ሆኖ በ2013 ተመረቀ። እንግዲህ እነዚህ እርሻዎቻችን አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ከላይ የሠራነውን ሒሳብ መልሳችሁ አስቡት፤ እያንዳንዱ ክንፍ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዙር ዞሯል። የጉርምስናው ዘመን አልፏል፤ የማዳመጫው ዘመን አሁን ነው።

አሸጎዳ ላይ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከ84ቱ 30ዎቹ ሁለት ክንፍ ብቻ ያላቸው የፈረንሳይ ተርባይኖች ናቸው። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፦ ሦስት ሲሆኑ ሁለቱ በአንዱ ላይ ይመሰክራሉ። ሁለት ሲሆኑስ? ሹ፣ ፊው፣ ሹ፣ ፊው። የታመመው የቱ ነው? ምናልባት ፊው የምትለዋ ናት ትላላችሁ። ልዩነቱ እንዲህ ግልጽ ካልሆነስ? ያን ጊዜ የሚያስታርቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጤነኛ ሳሉ የተቀዳ ድምፅ። ይሄ ለሦስት ክንፎቹም ይሠራል፤ ሦስቱም አብረው ሊያረጁ ይችላሉና። ስለዚህ በዘርፉ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ምክሬ ቀላል ነው። ውድ መሣሪያ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬ፣ ደህና በሚመስልበት ቀን፣ ቅዱት። የንፋሱን ፍጥነት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተርባይኑን ቁጥር ጻፉበት። በየዓመቱ ድገሙት። ያ መዝገብ በሽታውን አይነግራችሁም፤ የበሽታውን ቀን የምታውቁበት ጤናውን ግን ይነግራችኋል። ከዚያ ደግሞ ክፈቱትና ስሙት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። የዚያን ቀን ከተማሪዬ ጋር መኪናውን ዳር ይዘን ወርደን ነበር። ማማዎቹ የቆሙት እርሻና ግጦሽ መሬት ላይ ነው፤ አንድ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አገኘን። «ምን ይላል ሲዞር?» አልኩት። አላመነታም። ከንፈሩን አሞጥሙጦ አሰማን። ከዚያ ሳንጠይቀው፣ ማታ ተኝቶ ሳለ ንፋሱ ከየት እንደመጣ በድምፁ እንደሚያውቅ ነገረን። ክረምት ሲሆን እንዲህ ነው፣ በጋ ሲሆን እንዲህ ነው እያለ ሁለቱንም በአፉ አሳየን።

ተማሪዬ እኔን ዞር ብሎ አየኝ። ይሄ ልጅ የባቡር ጣቢያው ባለመዶሻ ነው። የጤነኛውን ድምፅ ከማንም መሐንዲስ በላይ ያውቀዋል፤ ያደገበት ነው። አንድ ቀን ድምፁ ቢለወጥ ከሁላችን ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

ያን ቀን ለማን ይንገር? የሚደውልበት ቁጥር አለው? ቢደውልስ፣ የእረኛ ወሬ ነው ብሎ የማያጣጥል ሰው በሌላው ጫፍ አለ? ማይክሮፎኑንና ሴንሰሩን ከመግዛታችን በፊት ይህችን ብናስተካክል ብዬ አሰብኩ። እናንተ በዘርፉ የምትሠሩ፣ አሠራሩ ካለ አስተያየት መስጫው ላይ ንገሩኝና ደስ ይበለኝ። ከሌለም እናንተው ጀምሩት።

ቸር ሰንብቱልኝ።